ተደብቆ የማይገባ ጃንጥላ

ዓይነ አፋር ሰው ስለት ከመሳሉ በፊት ራሱን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ የምሳለው ዕቃ ነጠላ ሥር ይደበቃል ወይስ አይደበቅም? ጧፍ ይደበቃል። ዘቢብ በቦርሳ ይያዛል። ዕጣንም ቢሆን ሽታው ያሳብቅ ይሆናል እንጂ በእጅ መዳፍ ይገባል። ጃንጥላ ግን፥ ያውም የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ፥ ቀይ ከፋይ ለብሶ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተንዠረገገለት፥ እንኳን ነጠላ ሥር ቤት ውስጥም አይደበቅም። ይህን የምነግራችሁ ተምሬ ነው። ትምህርቱን የተሰጠሁት ግን በዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፥ ከሰፈሬ ከሹም አቦ እስከ ደራ ዳርቻ፥ በጣና ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን መምህራን ፊት ቆሜ የማቀርብበት ቀን። የጻፍሁት ጣናን ስለወረረው አረም፥ ስለ እምቦጭ ነበር። እምቦጭ ሥሩ ምን እንደሚመስል፥ ነፋስ ወዴት እንደሚገፋው፥ በየትኛው ወቅት የት እንደሚተኛ ጠይቁኝ፤ በጽሑፍ ከሆነ እመልሳለሁ። በቃል ከሆነ ግን ይቅርታችሁን እለምናለሁ። እኔ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ከሰፈሬ ርቄ እየወረድሁ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ባለሱቅ የተሳሳተ ዕቃ ሲሰጠኝ «ይኼ አይደለም» ከማለት ተቀብዬ እሄዳለሁ። እቤታችን ማንም የማይጠጣው የሻይ ቅጠል የተከማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ቀን መምህራኑ ፊት ቆምሁ። «ቀጥይ» አሉኝ። አፌን ከፈትሁ። ባዶ ነው።  በልቤ፥ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፥ ዛሬ ሳላፍር ከዚህ ክፍል ካወጣኸኝ፥ ክርስትና ለተነሣሁበት ደጅህ...» አልሁና የምሰጠውን ፍለጋ ዓይኔን በመስኮት ወረወርሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ይሮጣሉ። «...ጃንጥላ አገባለሁ» አልሁ። ጧፍ ብል ምን ነበረበት?

ቆይቼ ሳስበው ሌላም ስሕተት አገኘሁ። ምሕረቱ አይለየኝና፥ ዘካርያስን ዲዳ ያደረገው ይኸው ገብርኤል አይደለም እንዴ? ካህኑ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀው አፉን ዘግቶ ወራት ያስቀመጠውን መልአክ ነው እኔ አፌን ክፈትልኝ ብዬ የለመንሁት። ልምዱ በመዝጋት እንደሆነ እያወቅሁ።

ስለቴን ተናግሬ ሳልጨርስ ዝናቡ ወረደ። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ መስማት ያቅተዋል። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። ከንፈሬን ብቻ። ምናልባት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ይሆናል፤ አላስታውስም። መምህራኑ ጨዋ ሰዎች ናቸውና «አልሰማንም» ላለማለት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዝናቡ ሲያባራ አንደኛው መነጽራቸውን አውልቀው፥ «በጣም ግልጽ ነው» አሉ።

ጽሑፉን አስቀድመው አንብበውት ስለነበር በጽሑፉ ብርታት አለፍሁ። ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል። በጣም ጥሩ ስላለፍሁ በበጋው፥ ረዳት መምህርት ሆኜ እንድቀጠር ተጠየቅሁ። አስቡት፤ በየቀኑ ሰው ፊት የሚያናግር ሥራ። መልሴን ከታኅሣሥ ገብርኤል በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ እንድሰጥ ተነገረኝ። እናቴ በደስታ ሰፈሩን አዳረሰች። እኔ ግን መልሴን ቆርጬ ነበር፤ «አይሆንልኝም» ብዬ በጽሑፍ እልካለሁ። በጽሑፍ ጎበዝ ነኝ ብያችኋለሁ።

ከእግዚአብሔርም ጋር ስከራከር ነው የከረምሁት። ጸሎቴ ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም? ደበቀኝ እንጂ አላዳነኝም፤ የነካው የእኔን አፍ ሳይሆን የእነርሱን ጆሮ ነው። ይሁን እንጂ ስለት ስለት ነው። ሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ ጭቃውን ምክንያት አድርጌ ተሻገርሁት፤ ታኅሣሥ ሲደርስ ምክንያት አለቀብኝ።

ጃንጥላውን ያሠራሁት ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው። ጋሽ ሰይድ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፥ ከሱቁ በስተጀርባም ቁጭ ብለው የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ሙስሊም ይሁኑ እንጂ የስንቱ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ በእጃቸው አልፏል። እኔ የመረጥኋቸው «ለምን ተሳልሽ?» ብለው አይጠይቁኝም ብዬ ነው።

«ስለት ነው?» አሉኝ ገና ስገባ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለየትኛው?»

«ለገብርኤል።»

«ሰመረልሽ?»

ይህ ጥያቄ ረጅም መልስ ነበረው። «እ... አዎ» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ። ጅብሪል የእኛም ነው። እንግዲያስ ዘርፉን ከእኔ እጨምርበታለሁ፤ ለመልአኩ ስስት አይገባም።»

እኔ ትንሽ፥ ጸጥ ያለ ጃንጥላ ነበር የፈለግሁት። የተረከብሁት ግን ዘርፉ በዘርፍ ላይ ተደርቦ፥ ሲነቀነቅ የሠርግ ፈረስ የሚመስል ነገር ነው። «ይበቃል፥ ጋሽ ሰይድ» ማለት የሚችል ሰው ብሆን ኖሮማ ስለቱንም አልሳልም ነበር።

«አጽሙ አዲስ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ነው የሚከፈት» አሉኝ ጠቅልለው ሲሰጡኝ። «መንገድ ላይ እንዳትነኪው፥ ልጄ። አንዴ ከተከፈተ እኔ ካልዘጋሁት አይዘጋም።»

ዕቅዴ የተጣራ ነበር። ክርስትና ወደ ተነሣሁበት ወደ ደራ በመኪና ብሄድ መናኸሪያ አለ፤ መናኸሪያ ደግሞ እናቴን የማያውቅ የለም። እማ የደራ፥ የአንበሳሜ ሰው ናት፤ ከዚያ ጤፍና ሽንብራ እያስመጣች ሹም አቦ የምትሸጥ፥ ድምፅዋ ከሚዛንዋ ቀድሞ የሚደርስ ሴት። ስለቱን አልነገርኋትም። ብነግራት ጃንጥላው ብቻውን አይሄድም፤ ከበሮ ይጨመርበታል። ስለዚህ በማለዳ ወጥቼ፥ በጀልባ ተሻግሬ፥ ጃንጥላውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፌ፥ ተሳልሜ ልመለስ ነበር። ማን እንዳስገባው እግዚአብሔር ያውቃል፤ እርሱ ካወቀ ደግሞ ሌላው ምን አገባው?

ባጃጅ ያዝሁ። ሹፌሩ የተጠቀለለውን አይቶ፥ «ምንጣፍ ነው?» አለኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው፤ እኔም አላረምሁትም። ከሹም አቦ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ላይ አንድ ጉድጓድ ገጠመን። ባጃጁ ዘለለ። እኔም ዘለልሁ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ አረፈ።

ባጃጅ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሲከፈት አይታችሁ አታውቁም። እንዳታዩም እመኝላችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ዓለሙ ሁሉ ቀይ ከፋይ ሆነ። ሹፌሩ ከነመሪው ዘርፍ ውስጥ ጠፋ። ባጃጁ ወዲያና ወዲህ ብሎ ከአንድ ዘንባባ ሥር ቆመ።  ከዚያ ከዘርፉ ውስጥ የተረጋጋ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፥ እኔ ምንጣፍ ነው ብዬ ነው የጫንሁት።»

«ይቅርታ።»

«የገብርኤል ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ በመካከላችን ከፋይ ስላለ አላየኝም። ቢሆንም ገባው። ጃንጥላውን እንደ ምጥ ቀስ እያልን በጎን አወጣነው። ለመዝጋት ታገለ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ዘርፉን ሳመና፥ «እንግዲህ በእግርሽ ነው። ይኼ ነገር መኪና ውስጥ መግባት አልፈለገም» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ በተከፈተ ጃንጥላ ሥር ሄድሁ። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተከፍቶ ያየ ሰው ከሥሩ ታቦት ይፈልጋል፤ ታቦት ቢያጣ ካህን ይፈልጋል። ከሥሩ ያገኘው ግን እኔን ነበር። አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የታየው ግራ መጋባት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሴቶች እልል ይላሉ። ስለት መሆኑን ሲረዱ ደግሞ ባሰ።

«እሰይ፥ ሰምሮላት ነው።»

«ምን ሰጣት ይሆን?»

«ልጅ ነው እንጂ።»

«ጣቷ ላይ ቀለበት የለም፤ ልጅ ከየት ይመጣል?»

«እንግዲያስ ባል ነዋ።»

እኔ በዘርፉ ልሸፈን ዝቅ አደረግሁት። የጋሽ ሰይድ ዘርፍ ግን ሲወዛወዝ ፊቴን እየገለጠ ይመልሳል፤ ለማሳየት እንጂ ለመደበቅ አልተሰፋም። አንዲት ጀሪካን የያዘች ሴት፥ ከየት እንደመጣች እንጃ፥ ከጎኔ ሆና እልል እያለች እስከ ጀልባው ድረስ ሸኘችኝ። «ብቻሽን ስለት ይዘሽ ስትሄጂ አያምርም ብዬ ነው» አለችኝ ስንለያይ። ስሟን እንኳ አልነገረችኝም። ውኃዋን ሳትቀዳ ነበር የመጣችው።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ሰፈር ደርሶ ኖሮ፥ ጀልባው ላይ እግሬን ሳሳርፍ ስልኬ ጮኸ። እማ ናት።

«የት ነሽ አንቺ?»

«ሐይቅ ዳር።»

«ጃንጥላ ይዘሻል?»

«...አዎ።»

ዝም አለች። የእማ ዝምታ ብርቅ ነገር ነው፤ ሲመጣ ያስፈራል።

«ስሙ ማነው?»

«የማን ስም?»

«የልጁ።»

«እማ፥ ባል አይደለም።»

«ባል ካልሆነ ከኔ ምን አስደበቀሽ? ሰው ከናቱ የሚደብቀው ባል ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጀልባው ውስጥ ለበዓሉ የሚሄዱ ጥቂት ምእመናን ነበሩ። ባለ ጀልባው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ ጃንጥላውን ተሳለመ፤ ቀጥሎ እኔን ገላመጠኝ።

«ዝጊውና ይግባ።»

«አይዘጋም» አልሁ።

«ምን አለች?»

«አይዘጋም አለች» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት መነኩሲት። ቆባቸውን ፀሐይ ያነጣው፥ መቁጠሪያቸውን ክንዳቸው ላይ የጠቀለሉ እማሆይ ናቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አስተርጓሚዬ ሆኑ፤ ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

ዳሩን ለቅቀን እንደወጣን ነፋሱ ጃንጥላውን አገኘው። ጀልባው አፍንጫውን ወደ ተቃራኒው፥ ወደ ዘጌ አዞረ። ባለ ጀልባው መለሰው። እንደገና ዞረ።

«ልጅት፥ እኔ ሞተር አለኝ» አለ። «ሸራ አልጠየቅሁም።»

እኔ ምሰሶውን አቅፌ ተንጠለጠልሁ፤ እማሆይ እኔን ወገቤን አቅፈው ያዙ፤ ሌላው ተሳፋሪ ደግሞ እማሆይን ያዘ። «ሊወስደን ከሆነም አብረን ነው» አሉ እማሆይ። እኔ በውስጤ መልአኩን እየወቀስሁ ነበር። ስለት ሳገባ እንኳ ትንሽ ብታግዘኝ ምን አለ? ነፋሱ ያንተ፥ ሐይቁ ያንተ፥ ጃንጥላው ያንተ፤ የእኔ የሆነው እጄ ብቻ ነው፥ እርሱም ሊገነጠል ነው።

ነፋሱ ሲተኛ ፀሐይዋ በረታች። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ተጠግታ ከጃንጥላው ጥላ ሥር ገባች። ሌላዋም ተከተለቻት። ቀስ በቀስ ጀልባው ሁሉ ወደ እኔ ተሰበሰበ። እኔ መሐል ቆሜ እንደ ቤት ምሰሶ ይደገፉኛል። ሕፃኑ የዘርፉን ጫፍ እያኘከ ተኛ።

«አየሽ፥ ገና ደጁ ሳይደርስ ማስጠለል ጀመረ» አሉ እማሆይ፤ ብለውም እርሳቸውም አንቀላፉ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከፊታችን፥ ውኃው ላይ፥ አረንጓዴ ነገር ተነጥፏል፤ ሐምራዊ አበባዎቹ ጭምር ይታያሉ። የሌሊቱ ነፋስ ከየት እንደነፈሰ አውቃለሁ፤ አረሙን የት እንደሚያስተኛውም አውቃለሁ፤ ጽፌበታለሁ። «እምቦጭ» አልሁ። ሞተሩ ዋጠው። «እምቦጭ አለ» አልሁ። አስተርጓሚዬ ተኝተዋል። ሦስተኛ ለማለት ትንፋሽ ስስብ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ገብተንበታል።

ባለ ጀልባው ሱሪውን ጠቅልሎ፥ ቢላዋውን ይዞ፥ ጎንበስ ብሎ አረሙን ከሞተሩ ላይ ይቆርጥ ጀመር። እየቆረጠም ያጉተመትማል።

«ይኼን አረም ስንቱ ተማረበት፥ ስንቱ ተመረቀበት። ፎቶ ያነሡታል፥ ይለኩታል። አንድ ሰው ግን 'እዚያ አለ፥ በዚህ ዙር' ብሎ የነገረን የለም።»

ጫማዬን አየሁ። ጥሩ ጫማ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው። እማሆይ በሞተሩ ጸጥታ ነቅተው ኖሮ፥ «ምነው ፊትሽ ቀላ፥ ልጄ?» አሉኝ።

ለምን እንደነገርኋቸው አላውቅም። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጽሑፉን፥ ስለቱን፥ የቆርቆሮውን ዝናብ፥ የሰኞውን መልስ፥ አረሙን ቀድሜ ማየቴንም። በመጨረሻም፥ «እኔ እግዚአብሔርን የማገኘው ዝም ስል ነው፥ እማሆይ። ቤተ ክርስቲያንም ከዓምዱ ጀርባ ነው የምቆመው። እርሱ ሹክሹክታ ይሰማል» አልኋቸው።

«ይሰማል እንጂ» አሉ። «ሳትዪውም ይሰማል። እርሱማ ምን ቸገረው? መስማት ያቃተን እኛ ነን። ለርሱ ሹክ ማለትሽ ይበቃል፤ ለዚህ ምስኪን ግን መጮኽ ነበረብሽ።» ወዲያውም ወደ ባለ ጀልባው ዞረው፥ ያለ ምንም ርኅራኄ፥ «አንተ፥ ይቺ ልጅ አይታው ነበር እኮ። ተምራበታለች» አሉት።

ሰውዬው ቢላዋውን ይዞ ቀና አለ። 

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ከዚህ ወዲያስ የት አለ?»

አፌ እንቢ አለ፤ ጣቴ ግን ተነሣ። ወደ ግራ ጠቆምሁ። ወደ ግራ ሄደ፤ ንጹሕ ውኃ አገኘ። ከዚያ ወዲያ አላስቀመጠኝም። የቀረውን መንገድ በጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሜ፥ በአንድ እጄ የተከፈተ ጃንጥላ ይዤ፥ በሌላው መንገድ እየጠቆምሁ ሄድሁ። ከሩቅ ላየን ሰው ከአገር ወደ አገር የሚዞር ጳጳስ ሳልመስል አልቀረሁም። ለመደበቅ ብዬ በጀልባ የመጣሁ ሰው መሆኔን እንዳትረሱ።

በእምቦጩ ምክንያት ዘገየን። ዳርቻው ሲቃረብ በዳሩ ከበቀለው ደንገል ባሻገር የቆሙ ሰዎች አየሁ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። የከበሮ ድምፅ ነው።

እማ በመኪና ቀድማኛለች። ብቻዋን አልመጣችም፤ የሹም አቦን ጎረቤቶች አስከትላለች። ከበሮውን ከየት እንዳገኘች አልጠየቅሁም። ከጀልባው ስወርድ መጀመሪያ ከኋላዬ የሚወርድ ወንድ እንዳለ አየች። ባለ ጀልባውን ከእግር እስከ ራሱ መረመረችው። እርሱም ደንግጦ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ይኼ ነው?»

«እማ፥ ባለ ጀልባው ነው።»

«እና ጃንጥላው ለምንድን ነው?»

አፌን ከፈትሁ፤ ከበሮው ቀጠለ። ይዘውኝ ወጡ። ከግድግዳ ላስደግፈው ያልሁት ጃንጥላ በጭብጨባና በእልልታ ታጅቦ ደጀ ሰላሙን አለፈ።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ስለት የሚቀበሉት ቄስ ዛፍ ሥር በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፤ ከኋላቸው ጄኔሬተር ያጓራል። አንዷ ልጅ ስላገኘች ከበግ ጋር ቆማ ታለቅሳለች፤ አንዱ ከሕመም ስለዳነ መጋረጃ ይዟል። እኔ ወደ ኋላ ልል ስል ቄሱ ጃንጥላዬን አዩት። ማን ሊያጣው?

«ያቺ እህታችን፥ ወደዚህ ትምጣ።»

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና መንገድ ሠራልኝ። ቀይ ባሕር ለእስራኤል የተከፈለው ሊያመልጡ ነው፤ ለእኔ የተከፈለው ልያዝ ነው። ቄሱ ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። «ለምን እንደተሳልሽ ንገሪና ሕዝቡ ከአንቺ ጋር እግዚአብሔርን ያመስግን።»

ያዝሁት።  ይሁን፥ ሹክ እልበታለሁ፥ ማጉያው ይጨርሰዋል ብዬ ሳስብ ጄኔሬተሩ አንዴ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ከዚያ ቆመ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ፥ ከበሮው፥ በጉ ሳይቀር ዝም አለ። ወደ ሰማይ አየሁ፤ አንድ ደመና የለም። በታኅሣሥ ማን ዝናብ ይሰጣል? በሰኔ ጫጫታ ልኮ ደበቀኝ፤ አሁን ደግሞ ጸጥታ ልኮ አወጣኝ። ምን ዓይነት ነገር ነው፥ አልሁት በልቤ፤ እኔ የለመንሁህ እኮ እንዳላፍር ነው።

እማሆይ ከሕዝቡ መሐል ጆሯቸውን በጣታቸው ነኩ። እኛ ነን ያልሰማን፥ ማለታቸው ነው።

«ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ» አልሁ።

«አይሰማም» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ወልዶኛል።

«ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ» አልሁ፥ ጮክ ብዬ። ድምፄ ከግንቡ ደርሶ ሲመለስ ሰማሁትና የሌላ ሰው መሰለኝ። «ትምህርት ስጨርስ መምህራን ፊት ሳላፍር እንዲያወጣኝ ተስዬ ነበር።»

«አወጣሽ?» አሉ ቄሱ።

«ዝናብ አዘነበ። ቃል ሳልናገር አለፍሁ። ማንም አልሰማኝም።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም። እንደፈራሁት ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚስቀው ዓይነት ነው።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ዝናብ የለም» አልሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «ዘካርያስንም ወራት አስጠብቆታል፥ ልጄ። ገብርኤል ሲዘጋም ሲከፍትም አይቸኩልም። እንግዲህ ስለትሽ የሰመረው አሁን ነው» አሉና እልልታው ግቢውን ሞላው። የእማ እልልታ ከሁሉም ይለይ ነበር፤ ባል አለመሆኑ ትንሽ እንዳሳዘናት እንኳ ያስታውቃል።

ጃንጥላውን ተቀብለው ሊዘጉት ታገሉ። ዲያቆኑ ሞከረ። ሌላው ሞከረ። በመጨረሻ፥ «ተዉት፥ ታቦቱ ሊወጣ ነው» ተባለና ከነመከፈቱ ያዙት። ታቦቱ ሲወጣ ከብዙዎቹ ጃንጥሎች መሐል የእኔን በሩቅ ለየሁት፤ የጋሽ ሰይድ ዘርፍ ከሁሉ በላይ ይወዛወዛል። ሕፃኑ ያኘካት ጫፍ እንኳ እርጥብ መሆኗን አስቤ ሳቄ መጣ። ሁልጊዜ እግዚአብሔርን ከዓምድ ጀርባ፥ በጸጥታ ነበር የምጠብቀው። ያን ቀን ግን የሙስሊም ሽማግሌ መርፌ ላይ፥ ባዶ ጀሪካን በያዘች ሴት ጉሮሮ ውስጥ፥ በእማሆይ ክንድ፥ ምናልባትም ነዳጅ በጨረሰ ጄኔሬተር ውስጥ ሲጠብቀኝ የዋለ መሰለኝ። ትንሽ ቀለል ያለ መንገድ ቢመርጥ ግን አልቀየመውም ነበር።

ሰኞ ሄጄ፥ በጽሑፍ ሳይሆን በአፌ፥ «እሺ» አልሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያልሁት፤ የመጀመሪያው አልተሰማም።

የመጀመሪያ ክፍሌን የገባሁት በጥር ነው። በስላይድ ልደበቅ ሌሊቱን ሙሉ ሥዕል ሳዘጋጅ አድሬያለሁ፤ ብርሃኑ ጠፍቶ ሥዕሉ ሲበራ እኔን ማን ያየኛል? ገመዱን ሰካሁ። መብራት የለም። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ያዩኛል። በመስኮት ወደ ሰማይ አየሁ፤ ጠራ ያለ ሰማያዊ ነው። በዚህ መሐል ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ፥ በዚያ በዓል ላይ ኖራ መሆን አለበት፥ አፏን በእጇ ከልላ፥ ቀስ ብላ፥ እልል አለች።

«እሺ፥ ገባኝ» አልሁ፥ ወደ ሰማዩ።

ተማሪዎቹ ለእነርሱ ያልሁ መስሏቸው ደብተራቸውን ገለጡ።